ገና ሲመጣ አስታማሚውን አስቡት

የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። ከቸርችል ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ባንኮኒዬ ፊት በብዛት የሚቆመው አስታማሚ ነው። በሽተኛውማ አልጋ ላይ ነው። መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚንከራተተው፣ የላብራቶሪ ውጤት ይዞ የሚሮጠው፣ ማታ ካርቶን አንጥፎ ጋቢውን የሚከናነበው አስታማሚው ነው። ከጅማ የመጣ ወንድም። ከደሴ የመጣች እናት። ከባሌ የመጡ አባት።

ገና ሲደርስ ብዙ ደግ ሰው ወደ ሆስፒታል ይጎርፋል። ዳቦ ይመጣል፣ ለስላሳ በሳጥን ይመጣል፣ ሙዝ ይመጣል። ደስ ይለኛል። ግን ደግሞ ዳቦው ደርቆ ሲጣል አይቻለሁ። ሙዙን መብላት የማይችል ሰው አልጋ አጠገብ ሙዝ ተከምሮ አይቻለሁ። እኔና ሰባት ጓደኞቼም ተመሳሳይ ስህተት ሠርተናል። እየሠራን፣ እየጠየቅን የተማርነውን ነው የምጽፍላችሁ። ዘንድሮ ለገና ሰው ለመርዳት ያሰባችሁ ካላችሁ ይጠቅማችኋል።

መቼ ይጀመር

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። እኛም ሥራ የምንጀምረው ያን ሰሞን ነው። ገና እስኪደርስ ከአርባ ቀን በላይ አለ። በቂ ነው።

መጀመሪያ ብሩን አዋጡ። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ገንዘብ የምትጠይቁት ሰው የራሱ ዶሮ፣ የራሱ ቅቤ፣ የልጁ ልብስ አለበት። በኅዳር ደመወዝ ሰሞን ስትጠይቁት ግን ይሰጣል። ገንዘቡን አንድ ሰው በቴሌብር ይሰብስብ፤ ሌላ ሰው ሒሳቡን ይያዝ። ሁለቱ አንድ ሰው አይሁኑ። ስለማንተማመን አይደለም። ብር የያዘ ሰው ሒሳቡን ሌላ ሰው ሲያይለት ራሱም ያርፋል።

ደረቅ ነገር ቀድማችሁ ግዙ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ዘይት፣ ሳሙና አይበላሽም። በዓል ሲቃረብ ግን ዋጋው አይቀመስም። ሽንኩርት ደረቁን መርጣችሁ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ብትዘረጉት ሁለት ሳምንት ይቆያል።

ሳትናገሩ አትሂዱ

አንድ ዓመት ስልሳ ሰሃን የሚሆን ምግብ ሠርተን፣ ታክሲ ኮንትራት ይዘን፣ ሳንናገር አንድ ሆስፒታል በር ላይ ደረስን። ጥበቃው አላስገባንም። የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል። ተለማመጥን፣ አስለመንን፣ እምቢ አለ። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ልክ ነው። ማን እንደሆንን፣ ምን እንደያዝን አያውቅም። ውስጥ ደግሞ ኦፕራሲዮን ሊገቡ ምግብ የተከለከሉ ሰዎች አሉ።

አካሄዱ ቀላል ነው። ትልልቅ ሆስፒታሎች ማኅበራዊ ሠራተኛ አላቸው፤ ብዙ ሰው ሶሻል ወርከር ይላቸዋል። በሥራ ቀን፣ በጧት ሄዳችሁ አግኟቸው። ከዚያ የዋርዱን ሄድ ነርስ አናግሩ። ማን ጠያቂ የለውም? ማን ከገባ ብዙ ቆየ? ማን ምን መብላት አይችልም? እነሱ ያውቃሉ። አንድ ዋርድ ምረጡና እሱን በደንብ ያዙ። ሕንፃውን በሙሉ ለማዳረስ የሞከርን ጊዜ ለማንም ሳንበቃ ነው የተመለስነው።

ይሉኝታን ማለፍ

በጣም አስቸጋሪው ይኼ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አንድ አዛውንት አስታማሚ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ «አባባ፣ ምን ላምጣልዎት?» በሏቸው። መልሱን አሁኑኑ ልንገራችሁ። «ምንም ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ትናንት ከሰዓት ጀምሮ እህል አልቀመሱ ይሆናል። የለበሱት ሸሚዝ ሦስት ሳምንት ገላቸው ላይ ሰንብቶ ይሆናል። ግን ይሉኝታ አለ። በአገራቸው ሰጪ የነበሩ ሰው ናቸው። እንግዳ ተቀብለው፣ አብልተው፣ አልጋ ለቀው ያስተኙ ሰው ናቸው። ዛሬ በማያውቁት የከተማ ልጅ ፊት «ርቦኛል» አይሉም።

ስለዚህ እንደዚያ አትጠይቁ። ስለ ትናንት ጠይቁ። «ትናንት ማታ እራት ምን አገኛችሁ?» «ሌሊቱ እንዴት ነበር፣ አልበረደም?» «ቤት ከተደወለ ስንት ቀን ሆነ?» እነዚህን ሲመልሱ የጎደለው በራሱ ይወጣል። ካርድ ካለቀባቸው ሳምንት ሆኗል። የታኅሣሥ ብርድ ኮሪደሩ ላይ አላስተኛ ብሏል። እግር አብጦ ጫማ አልገባ ብሏል።

ስታናግሩ ቁጭ በሉ። ቆማችሁ ከላይ ወደ ታች አታናግሩ። ታላቅን በአንቱታ አናግሩ፤ አንዳንዱ የከተማ ሰው የገጠር ሰው ሲያይ «አንተ» ማለት ይቀናዋል፤ በጣም ያሳዝነኛል። ቋንቋም አስቡ። ዋርዱ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ሶማልኛ፣ ትግርኛ ተናጋሪ አለ። አብሯችሁ የሚሄድ አንድ ቋንቋ የሚችል ሰው አስር ካርቶን ብስኩት ያህል ይጠቅማል።

ምግቡ

ከጥቂት ዓመት በፊት ነው። የገና ዕለት እኩለ ቀን ላይ ዶሮ ወጥ ሠርተን ገባን። ሽታው ኮሪደሩን ሞላው። አንድ ከባሌ የመጡ አባት ነበሩ፤ ሴት ልጃቸውን ነው የሚያስታምሙት። ሰሃኑን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። በኦሮምኛ «ገላቶሚ» ብለው አመሰገኑኝ፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው። አልፌ ሄድኩ። ዞር ስል ሰሃኑን አጠገባቸው ላለች ልጅ ሲያቀብሉ አየሁ። ከዚያ ከፌስታላቸው ደረቅ ዳቦ አወጡ። በትንሽ በትንሹ ቆረሱና በሃይላንድ ከያዙት ሻይ ክዳኑ ላይ እየቀዱ፣ እያጠቀሱ በሉ።

ሙስሊም ናቸው። የክርስቲያን ሥጋ አይበሉም። ይህንን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እሳቸው ግን እንዳይከፋኝ ብለው ተቀበሉኝ።

በማግስቱ ሽሮ በዘይት ሠርቼ ሄድኩ። ከልጃቸው ጋር ሆነው ጥርግ አድርገው በሉ። ከዚያ ወዲህ ደንባችን ይኼ ነው። ትልቁ ድስት ሁልጊዜ የጾም ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንችና ካሮት፣ ጎመን፣ በዘይት ብቻ። ከገና በፊት ከሄዳችሁ ኦርቶዶክሱ ይጾማል፤ ሥጋም ቅቤም እንቁላልም አይሆንም። ሙስሊሙ ደግሞ ሥጋው የማን እንደሆነ ያስጨንቀዋል። ሽሮ ላይ ሁሉም ይገናኛል። የገና ዕለት ሰው መፈሰክ ይፈልጋል፤ እውነት ነው። ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳን አይጾምም። ለዚያ ቀን የተቀቀለ እንቁላልና አይብ ጨምሩ። ሁለቱም ያለ ጭንቀት ይበሉታል። ዶሮ ወጥ ከሠራችሁ በተለየ ዕቃ ይሁን፣ ጭልፋውም ይለይ፣ ስትሰጡም ምን እንደሆነ ተናገሩ።

ስለ በሽተኛው ደግሞ ሄድ ነርሷን ሳትጠይቁ ምንም አታጉርሱ። ኩላሊታቸው ታሞ ዲያሊስስ ለሚያደርጉ ሰዎች ሙዝ፣ ብርቱካንና አቮካዶ ፖታሲየም ስላለው ሊጎዳቸው ይችላል። ስኳር ላለበት ሰው ለስላሳና ኬክ ይዛችሁ አትሂዱ። የካንሰር መድኃኒት በመውሰድ ላይ ያለ ሰው የሰውነት መከላከያው ይዳከማል። ጥሬ ሰላጣ አይሆንለትም። ጉንፋን ከያዛችሁ ደግሞ እናንተው ቅሩ፤ ምግቡን በሌላ ሰው ላኩ።

አስታማሚው ግን ጤነኛ ነው፣ ሁሉን ይበላል፣ ርቦታልም። ለዚህ ነው ምግቡን ለእሱ የምንሠራው። እሱ ከወደቀ በሽተኛው ማን አለው?

ፌስታሉ

ከምግብ ሌላ ለእያንዳንዱ አስታማሚ አንድ ፌስታል እናዘጋጃለን። የልብስና የገላ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ሶፍት፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የሞባይል ካርድ፣ ሸበጥ። ሸበጡ ከሁሉም ይወደዳል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ እግር ማታ ጫማ ማውለቅ ይፈልጋል፤ በባዶ እግር ሽንት ቤት መሄድ ደግሞ ይከብዳል። ቁጥሩን ሰፋ አድርጋችሁ ግዙ። ከተቻላችሁ ብርድ ልብስ። ልብስ የምትሰጡ ከሆነ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ቁልፉ ተተክቶ ይሁን። እናንተ ለብሳችሁ ሰው ፊት የማትወጡበትን ለሰው አትስጡ።

ማዘዣ ስትከፍሉ

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልመጣ።

ባንኮኒዬ ላይ በየቀኑ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ሰው ማዘዣ ይሰጠኛል። ወረቀቱ ታጥፎ ታጥፎ ጠርዙ ተበልቷል። ዋጋውን ደምሬ እነግረዋለሁ። ዝም ይላል። ወረቀቱን መልሶ ያየዋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ከነዚህ የትኛው ይበልጣል?» ይለኛል። የትኛውን ልተው ማለቱ ነው።

ይህን ጥያቄ አሥራ አንድ ዓመት ሰምቼ አልለመድኩትም።

ለገና ገንዘብ ካላችሁና የት ላድርገው ካላችሁ፣ እዚህ ላይ አድርጉት። አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መድኃኒት ገምታችሁ ገዝታችሁ አትምጡ። እቤት የተረፈ መድኃኒት ሰብስባችሁም አትምጡ። የት እንደተቀመጠ አይታወቅም። ለምሳሌ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ከዚያ ውጭ የሰነበተውን ዓይታችሁ ከደህናው ልትለዩት አትችሉም።

ከአስታማሚው ጋር አብራችሁ ፋርማሲ ግቡ። ማዘዣው ላይ ቀኑን፣ ማኅተሙንና የሐኪሙን ፊርማ እዩ። የጎደለውን ለፋርማሲው ክፈሉ፤ ደረሰኙን ለባለቤቱ ስጡ። ከቻላችሁ ሙሉውን ክፈሉ። በተለይ አንቲባዮቲክ ግማሽ ተገዝቶ ግማሹ መቅረት የለበትም። ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል፤ ጀርሙም መድኃኒቱን ይለምደዋል። የሦስት ቀን ገዝቶ «ሌላውን ብር ሳገኝ» ብሎ የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

አሮጌ ማዘዣ ይዞ መንገድ ላይ የሚለምን ሰው ያጋጥማችኋል። አትሳደቡ፣ ሰው አትሰብስቡበት። አብረን ፋርማሲ እንግባ በሉት። ካልገባ ምሳ ጋብዙት። ማዘዣው የእሱ ባይሆን እንኳ ረሃቡ የእሱ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። በምታምኑት ፋርማሲ ገንዘብ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። እኛ ጋ አለቃዬ ፈቅዶልን አንድ ደብተር አለን። ቀን፣ የጎደለው ብር፣ የቀረው ብር። የሰው ስም አይጻፍበትም፤ የመድኃኒቱም ስም አይጻፍም። ሰውዬው «የትኛው ይበልጣል?» ሲለኝ «ሁሉም ተከፍሏል» እለዋለሁ። ማን እንደከፈለ ይጠይቀኛል። «ወንድምህ ነው» ብዬ እዘጋዋለሁ።

ደም

ብር የሌለው ሰው ምን ላድርግ ብሎ ይጠይቀኛል። ደም ስጥ እለዋለሁ። የደም ባንኩ ስታዲየም አካባቢ ነው፣ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ፣ ጤነኛ ሰው ይሰጣል። እዚያው ይመረምሩታል። ከሰጡ በኋላ ለሚቀጥለው ጊዜ ቢያንስ ሦስት ወር መጠበቅ ያስፈልጋል።

ለካንሰር ሕሙማን ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ፕላትሌት የሚባለው የደም ክፍል ነው። እሱ ደግሞ የሚቆየው አምስት ቀን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው አንድ ቀን ተሰልፎ ቢሰጥ አይበቃም። ከቡድናችሁ ግማሹ ከገና በፊት፣ ግማሹ ከገና በኋላ ይስጥ። ጾመኛ ከሆናችሁ ባዶ ሆድ አትስጡ፤ አዙሮ ይጥላችኋል። ጾም ፈታችሁ፣ በልታችሁ፣ ውኃ ጠጥታችሁ ሂዱ።

አንድ ሰዓት መቀመጥ

አንድ የገና ዋዜማ ከወሎ የመጡ እናት አገኘሁ። የ16 ዓመት ልጃቸውን ያስታምማሉ። ለብቻው ትተውት ንቅንቅ አይሉም። «እማማ፣ ዛሬ አገርዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አልኳቸው። ቆይተው መለሱልኝ። «ቤተክርስቲያን አድር ነበር። እዚህም የተክለ ሃይማኖት ቅዳሴ በሌሊት ይሰማኛል። መጣሁ ካልኩ አምስት ሳምንቴ፣ ደጁን አልረገጥኩም።»

ነርሷን አስፈቅጄ ልጁ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጓደኛዬ እሳቸውን ይዛ ተክለ ሃይማኖት ሄደች። ልጁ ተኝቷል። እኔ ምንም አልሠራሁም፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጉሉኮሱን ሳይ አደርኩ። ሲነጋጋ ተመለሱ። ነጠላቸው እጣን እጣን ይላል። የልጃቸውን ግንባር ሳሙት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳሉ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ የተራ ዝርዝር እናወጣለን። አንድ ሰው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፤ አስታማሚው ገላውን ይታጠባል፣ ይሳለማል፣ ይሰግዳል፣ ወይ ደግሞ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። መድኃኒት አትስጡ፣ በሽተኛውን አታንሱ፣ አንድ ነገር ከተፈጠረ ነርስ ጥሩ። በቃ።

ፎቶ አታንሱ። የደረሰኝ ፎቶ ቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ ለጥፉ፣ የታመመ ሰው ፊት ግን አይሁን። «እሺ አሉኝ እኮ» አትበሉኝ። ምግብ ያመጣለትን ሰው እምቢ ማለት የሚችል ማን ነው?

ሆስፒታል የሚከብዳችሁ ካላችሁ ሌላም ቦታ አለ። መቄዶንያ አለ፣ ሜሪ ጆይ አለ፣ የአበበች ጎበና ድርጅት አለ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ የእማሆይ ቴሬሳ እህቶች አሉ። መጀመሪያ ደውላችሁ የጎደላቸውን ጠይቁ። አረጋውያን ያሉበት ቦታ ከዳቦ ይልቅ የአዋቂ ዳይፐር ቢያገኝ ይመርጥ ይሆናል።

ጥር 3

ለገና ዕለት ብዙ አትጨነቁ። ያን ቀን ሌላ ሰው ይመጣል፤ ምግብ ይተርፋል። ታኅሣሥ 30 ማንም የለም። ጥር 1 ማንም የለም። ሰው ሁሉ ለጥምቀት መዘጋጀት ይጀምራል። እኛ ትልቁን ምግብ የምንሠራው ጥር 3 ነው። ያን ቀን ሻይ በፔርሙዝ ይዘን ስንገባ «በዓል አለ እንዴ ዛሬ?» ይሉናል።

ከገንዘቡ ጥቂቱን ደግሞ ለመመለሻ አስቀሩ። በበዓል ሰሞን ሐኪም ያሰናበታቸው፣ ግን የመኪና አጥተው ግቢው ውስጥ የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ሶሻል ወርከሩ ይነግራችኋል። ብሩን ሰጥታችሁ ብቻ አትሂዱ። ከተማውን አያውቁትም፤ አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ነው የሚወጣው። ላምበረትም ይሁን አስኮ መናኸሪያ ድረስ አብራችሁ ሂዱ፣ ትኬቱን ቁረጡ፣ የታመመውን ሰው ከፊት ወንበር አስቀምጡ፣ ረዳቱን አደራ በሉት። የመድኃኒቱን ፌስታል ከእግራቸው ሥር ሳይሆን ጉልበታቸው ላይ ይያዙት። ለመንገድ ዳቦና የተቀቀለ ድንች፣ ውኃ። ስልካችሁን በትልቁ ወረቀት ላይ ጻፉላቸው።

ሲደርሱ ሚስኮል ያድርጉልን እንላቸዋለን። እኛ እንደውላለን።